ወር 13 ትክክል አይደለም

1

ገለጻ የሚሰጠው ሰው «ኦብጀክቱ ራሱን ወደ ኤክስኤምኤል ይቀይራል፤ እኛ አንዲት መስመር አንጽፍም» አለ። ከጀርባው ስክሪኑ ላይ የፕሮጀክቱ ፎልደሮች ተዘርግተዋል። ከሁሉም ብዙ ፋይል ያለው «አዳፕተርስ» የሚለው ነው። ዝርዝሩን ለመጨረስ ወደ ታች መውረድ ያስፈልግ ነበር። አልወረደም።

2

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጃቫ ውስጥ ጃክስቢ የሚባል መሣሪያ አለ። ፕሮግራሙ የያዘውን ኦብጀክት በታግ የታጠረ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጽሑፉን ደግሞ መልሶ ኦብጀክት ያደርጋል። የማያውቀው ዓይነት ሲመጣበት ሰው አዳፕተር ይጽፍለታል። አዳፕተር ሁለት ሜተድ አለው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ።

ካየኋቸው ውስጥ የመመለሻው ሜተድ ባዶ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም። «ለጊዜው አያስፈልግም» የሚል ኮመንት ተጽፎባቸዋል። የጻፈው ልጅ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል። ጊዜው አሁንም ያው ነው።

3

ጃክስቢ 2.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አዲሱ የጃቫ የቀን ላይብረሪ በ2014 ከጃቫ 8 ጋር መጣ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አይተዋወቁም። የአዲሱ ላይብረሪ የቀን ዓይነት የሆነውን ሎካልዴት የያዘ ክላስ ስትሰጡት ጃክስቢ «ይሄ ነገር ባዶ ኮንስትራክተር የለውም» ብሎ ይቆማል።

ስለዚህ ሁሉም ፕሮጀክት የየራሱ የሎካልዴት አዳፕተር አለው። ዐሥር መስመር ገደማ ነው። ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ሲኬድ የሚለወጠው አናቱ ላይ ያለው የጸሐፊው ስም ብቻ ነው። የቢሮው የኮድ መመሪያ በመጀመሪያው ገጽ «የተሠራን ነገር እንደገና አትሥሩ» ይላል።

4

ስለዚሁ ባዶ ኮንስትራክተር። የአንዱ ፕሮጀክት ሰነድ «የደንበኛ መረጃ ያለ መለያ ቁጥር ሊፈጠር አይችልም» ይላል። ክላሱን ስትከፍቱ ያለ መለያ ቁጥር የሚፈጥር ኮንስትራክተር ቁጭ ብሏል። ከላዩ «ለጃክስቢ ብቻ፤ ማንም እንዳይጠራው» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ማን እንደሚጠራው ፈልጌ አየሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ጃክስቢ አልነበረም።

5

የኤክስኤምኤል ስኪማ፣ ፋይሉ ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስነው ደንብ፣ «ቀን» ብሎ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ወር ከ01 እስከ 12። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በኛው አቆጣጠር እንዳለ ሲላክ 2015-13-06 ይሆናል። ስኪማው ወር 13 ትክክል አይደለም ብሎ ይመልሰዋል።

ይሄ ጥሩው ዕጣ ነው። ስኪማው ካልተገጠመ ቀኑ በአዳፕተሩ በኩል ያልፋል። አዳፕተሩ ውስጥ ሲምፕልዴትፎርማት የሚባለው የድሮው የጃቫ ክላስ ካለ አይጮኽም። ካልከለከሉት በቀር ገር ነው። ወር 13 ሲሰጡት የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ያደርገዋል። ልጁ ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 የተወለደ ይሆናል፤ በገና ዋዜማ። ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር።

6

መዝገብ የምትሞላዋን ሠራተኛ «ጳጉሜን የተወለዱትን እንዴት ነው የምታስገቢው?» አልኳት።

«መስከረም 1 በያቸው ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«አይቲዎቹ።»

አይቲዎቹን ጠየቅኩ። ሲስተሙ 13 ወር እንደሚደግፍ ነገሩኝ። የተጠቃሚ መመሪያውን ከፍተው አሳዩኝ። እውነትም ተጽፏል።

7

አንድ ሰው የኢትዮጵያን ቀን ሳይቀይር በፈረንጁ ሳጥን ውስጥ ቢያስገባ ስንት ቀን ይያዛል? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። የጳጉሜን 5 ቀናት ይያዛሉ። ጥቅምት 29 እና 30 ይያዛሉ፤ ፌብሩዋሪ እነሱ ጋ አይደርስምና። በዓመት ሰባት ቀን መሆኑ ነው። በቀሩት 358 ቀናት መረጃው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ በሰላም ይገባል።

ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ደግሞ ጥቅምት 29ም ያልፋል።

8

የጃቫው የቀን ላይብረሪ ከተለመደው አቆጣጠር ሌላ አራት አቆጣጠሮች ይዞ ነው የመጣው። የታይላንድ አለ። የጃፓን አለ። የታይዋን አለ። ሂጅራ አለ። የኛ የለም።

ከውጭ ግን አለ። ጆዳታይም ላይ አለ፤ ስሪቴን ኤክስትራ ላይ አለ፤ አይሲዩ ላይ አለ። ነጻ ናቸው፤ ለዓመታት ተፈትነዋል። አንዱንም የሚጠቀም ፕሮጀክት አልገጠመኝም። የገጠመኝ «ስምንት ቀንስ፤ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ከሆነ ሰባት ቀንስ» የሚል በእጅ የተጻፈ አዳፕተር ነው። ላይብረሪው ለምን እንዳልተመረጠ ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «የውጭ ኮድ አናምንም።» የተቀረው ሲስተም በሙሉ የውጭ ኮድ ነው።

9

ከነዚህ አዳፕተሮች አንዱ የየወሩን ልዩነት በቋሚ ሠንጠረዥ ይዟል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ያምናል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ዘመን መለወጫ በ12 ይውላል። በዚያ ዓመት ሠንጠረዡ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ይስታል። ገናን ታኅሣሥ 29 ይለዋል፤ የዚያ ዓመት ገና በ28 ነው። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንዲሁ ይቀጥላል። ፌብሩዋሪ 29 ስትመጣ ልዩነቱ ይጠፋል። ዓድዋ ሲከበር ሁሉም ቀን ልክ ነው።

ጥቅምት ላይ የተከፈተው የስህተት ሪፖርት መጋቢት ላይ ተዘግቷል። ምክንያት፦ «ተሞክሮ አልተገኘም።»

10

የሰዓት ነገር። የቀጠሮ ሲስተም ነው። ላኪው ጋ ያለው አዳፕተር በኛ ሰዓት የተጻፈውን ተቀብሎ ስድስት ይጨምራል። ተቀባዩ ጋ ያለውም ስድስት ይጨምራል። ሁለቱም ወገኖች «ለጥንቃቄ ነው» ብለዋል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ተቀባዩ ጋ 14፡00 ሆኖ ይቀመጣል። ስክሪኑ ይህን ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ይመልስና «8 ሰዓት» ብሎ ያሳያል። እንግዳ ተቀባይዋ ቁጥሩን ታየዋለች፤ ኮምፒውተር የሚናገረው በፈረንጅ ነው ብላ ታስባለች። ለባለጉዳዩ «ጠዋት 2 ሰዓት ይምጡ፣ አባቴ» ትለዋለች።

ሁሉም በሰዓቱ ይመጣል። ቅሬታ የለም።

11

በውሉ ላይ «ሲስተሙ የተሳሳተ መረጃ አይቀበልም» ተብሏል።

ጃክስቢ ፋይል ሲያነብ አዳፕተሩ ቢሰናከልና ኤክሰፕሽን ቢወረውር ሥራው አይቆምም። ነገሩ ቫሊዴሽን ኢቨንት ሃንድለር ለሚባለው ይነገረዋል። ሃንድለር ካልተገጠመለት በነባሪው የሚሰማ የለም። ፊልዱ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ ንባቡ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ተሳካ ይላል።

የሎግ ፋይሉን ከፍተው አሳዩኝ። አንድም ስህተት የለም። እውነት ነው፣ የለም። የልደት ቀን ያለበትን ዓምድ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። «እሱ ከምንጩ ነው» አሉኝ። ምንጩን አየሁ። ምንጩ ላይ ቀን አለ፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ «ኅዳር 12»።

12

ስኪማው «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። ሁለቱም ግዴታ ናቸው። የኢትዮጵያዊ ስም እንዲህ ስለማይሄድ አዳፕተር ተጽፎለታል። ክፍት ቦታ ባገኘበት ይቆርጣል። የመጀመሪያው ቁራጭ ስም፣ የመጨረሻው የቤተሰብ ስም፣ መሐል ላይ ያለው «ሌላ»።

ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሥላሴ ለያይተው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በሲስተሙ ውስጥ ስማቸው «ወልደ» ብቻ የሆነ ሰዎች ሞልተዋል። መልእክት ሲላክላቸው «ውድ ወልደ» ይባላሉ። አባታቸው ቅዱስ ነው፤ ስሙ «ሌላ» በሚለው ውስጥ ይገኛል።

ፈታሿ ስለዚህ ጉዳይ ተጠየቀች። ቴስቱን አስነሳች። ስሙ ተቆርጦ ይሄዳል፤ መልሶ ተገጣጥሞ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከራል። አንድ ነው። አረንጓዴ።

13

ኤክስኤምኤል 1.0 የጸደቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 ነው። ለታግ ስም የሚፈቀዱት ፊደላት ከዩኒኮድ 2.0 ተለቅመው ተዘረዘሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ በ1999 ነው። ዓመት ከመንፈቅ ግድም ዘገየን።

ውጤቱ ይህ ነው፦

<ከተማ>አዲስ አበባ</ከተማ>

አዲስ አበባ የሚለው ሕጋዊ ነው። ከተማ የሚለው ሕገ ወጥ ነው። ፊደላችን በቤቱ ውስጥ መቀመጥ ይችላል፤ በሩ ላይ ግን ስሙን መለጠፍ አይችልም።

በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣና ፈቀደ። በ2008 የ1.0 አምስተኛ እትም ወጣና እሱም ፈቀደ። ከጃቫ ጋር የሚመጣው አንባቢ የዘርሲስ ዘር ነው፤ ዘርሲስ የቆመው አራተኛው እትም ላይ ነው። አሁንም ስህተት ይላል።

የሚገርመው ጃክስቢ ነው። ሲጽፍ የታጉን ስም አይመረምርም። <ከተማ> ብላችሁ ብታዙት ይጽፈዋል፤ ፋይሉ ያምራል፤ ለአለቃ ይታያል፤ አለቃ ይደሰታል። ያንኑ ፋይል መልሳችሁ ስጡት። የራሱን ጽሑፍ አያነብም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ 1.0 የሚለውን 1.1 ማድረግ ይበቃ ነበር።

14

የጨረታ ሰነድ፣ የቴክኒክ መመዘኛ፦ «ሲስተሙ አማርኛን ሙሉ በሙሉ የሚደግፍ መሆን አለበት።» ተጫራቹ «ይደግፋል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። የናሙና ፋይሉ ታጎች በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ናቸው። «ቀበሌ» በአንዱ ፋይል ውስጥ በሁለት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ይገኛል። ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

15

የኤክስኤምኤልን ደንብ የጻፉት ሰዎች ግባቸውን መግቢያው ላይ ዘርዝረዋል። ሰነዱ ሰው ሊያነበው የሚችል ይሁን፤ ማሳጠር ብዙም ቁም ነገር አይደለም ብለዋል።

የዓለም ባንኮች የሚጻጻፉበት አይኤስኦ 20022 በኤክስኤምኤል ነው። የታጎቹን ስም ተመልከቱ። አብዛኞቹ አናባቢዎች ተነቅለዋል። በብዛት ተነባቢዎች ተደርድረዋል። ጮክ ብሎ ለማንበብ የሞከረ ሰው «አስነጠሰህ ወይ?» ይባላል።

ለደንበኛ ስም ግን አንድ ሳጥን ነው የሰጡት፤ እስከ 140 ሆሄ የሚይዝ። የአባት ይሁን የአያት አይጠይቅም። ካየኋቸው ስኪማዎች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ የሚመቸው ይሄው ነው። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት አዳፕተር ለሁለት ከፈለው።

16

«ኤክስኤምኤል ሞቷል፤ አሁን ሁሉም ጄሰን ነው።» ስብሰባ ላይ የተባለ። ማንም አልተቃወመም። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2025 ወዲህ በስዊፍት ከባንክ ወደ ባንክ ድንበር የሚሻገር የክፍያ ትእዛዝ የሚሄደው በዚሁ በአይኤስኦ 20022 ነው።

ቃለ ጉባዔው በወርድ ተጽፎ ለሁላችንም ተላከ። የወርድ ፋይል ዚፕ ነው። ዚፑን ከፈትኩት። ኤክስኤምኤል «ኤክስኤምኤል ሞቷል» ይላል።

17

አንድ ልጅ ጽሑፉን በሲዴታ፣ ውስጡ ያለው እንደ ታግ እንዳይነበብ በሚያደርገው መጠቅለያ፣ ለመጠቅለል አዳፕተር ጻፈ። ጃክስቢ የሲዴታውን ማዕዘን ቅንፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቆጥሮ በሌላ ምልክት ተካው፤ በቅንፉ ፋንታ የ«እና» ምልክት፣ ኤልቲ፣ ድርብ ሰረዝ የመሰለ ነገር ወጣ። ልጁ ይህን መልሶ ቅንፍ የሚያደርግ ሌላ ኮድ ጻፈ። አሁን ደንበኛ ሲጽፍ «ያንሳል» ለማለት የሚያስገባት ምልክት ሁሉ እውነተኛ የታግ መክፈቻ ትሆናለች። ለዚህም አዳፕተር እየተጻፈ ነው።

18

ሲምፕልዴትፎርማት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ይቀላቅላል። በሰነዱ ላይ ተጽፏል። አዳፕተሩ ውስጥ ግን አንዱን ለሁሉም በጋራ አስቀምጠውታል፤ «ሜሞሪ ለመቆጠብ»። አንድ ሰው ሲሞክረው ልክ ነው። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን የአንዱ ቀን ለሌላው ይደርሳል።

ያው ፕሮግራም ጃክስቢ ኮንቴክስት የሚባለውን ኦብጀክት ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ ይፈጥራል። ይሄኛው ከባድ ነው፤ አንዴ ተፈጥሮ ለሁሉም ቢያገለግል ምንም አይሆንም። የሚጋራው አይጋራም፤ የማይጋራው ይጋራል። ኮዱን የገመገመው ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ ፈርሟል።

19

የበሽተኛ ቅጽ ላይ «አለርጂ» የሚል ቦታ አለ። ኤክስኤምኤል ውስጥ ባዶነት ሦስት ዓይነት ነው። ታጉ ጨርሶ የለም። ታጉ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ታጉ አለ፣ «ኒል» ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል።

ሐኪሙ «አልተጠየቀም ማለት ሌላ፣ ተጠይቆ የለብኝም አለ ማለት ሌላ» ይላል። ፕሮግራመሩ «ገብቶኛል ዶክተር» ይላል። በአዳፕተሩ ውስጥ ሦስቱም ነል ናቸው። ስክሪኑ ላይ ለሦስቱም «የለም» ይወጣል።

20

ጃክስቢ ከጃቫ 6 ጀምሮ ጃቫ ውስጥ ነበር። በጃቫ 9 ይወጣል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በጃቫ 11 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው ሰው ለብቻው ያስገባል።

«ለምን ጃቫ 8 ላይ ቀራችሁ?» ሲባሉ «ስለሚረጋጋ» ይላሉ። ሰርቨሩ በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ይጠፋና ይበራል፤ ያን ካላደረጉት ይቆማል።

21

የፓኬጁ ስምም ተለውጧል። መነሻው ጃቫክስ የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጃካርታ ሆነ። አዲሱ መሣሪያ በአሮጌው ስም የተለጠፈ አኖቴሽን፣ አዳፕተሩ የት እንደሚሠራ የሚነግረውን ምልክት፣ አያይም። አይቃወምም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። አዳፕተሩ እዚያው አለ፤ ኮምፓይል ይሆናል፤ ማንም አይጠራውም።

አንድ ቡድን ወደ አዲሱ ተሻገረ። የሚወጣው ፋይል ተለወጠ። ስሞች መቆረጥ አቆሙ። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ፋይሉን አልቀበልም አለ፤ እሱ ለተቆረጠው ስም ሌላ አዳፕተር ሠርቶ ነበር። ቡድኑ መቁረጡን መለሰ። በለውጥ መዝገቡ ላይ «የስም ስህተት ተስተካክሏል» ተብሎ ሰፍሯል።

22

የኮድ ግምገማ። አለቃዋ ስክሪኑን እያየች፣ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ።

«ይሄኛው ምን ያደርጋል?»

«የልደት ቀን ባዶ ከሆነ የዛሬን ቀን ይሰጣል።»

«ለምን?»

«ስኪማው ላይ ግዴታ ነው። ባዶ ከሄደ ይመለስብናል።»

«ታዲያ ሰውየው ዛሬ ሊወለድ ነው?»

«ሪፖርት ላይ እናወጣቸዋለን።»

ሪፖርቱን አየሁት። በጡረታ መዝገቡ ውስጥ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ጡረተኞች አሉ። ከሥራቸው በዕድሜ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አለ። «ከ0 እስከ 1» የሚል ረድፍ ተጨምሮላቸዋል።